ድርድር፣ ክፍያ፣ ክልከላ ወይስ የመንደር ደንብ? የጋራ ጣጣ ለገጠመው ሰው የንጽጽር መመሪያ

ሁለት ዓመት የብሎካችን ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ምድርና አራት ፎቅ፣ 24 ቤት፣ አንድ ጥበቃ፣ አንድ የውሃ ፓምፕ፣ በየደረጃው ማረፊያ አንድ አንድ አምፖል። የተመረጥኩት ጠቅላላ ስብሰባው ላይ ስላረፈድኩ ነው፤ በእኛ ብሎክ ሥራ የሚሰጠው ለሌለ ሰው ነው።

ስብሰባችን ላይ ሁልጊዜ ሦስት ድምፅ ይሰማ ነበር። የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ «ይቀጣ!» ይላሉ። አንዱ ወጣት «ለወረዳ እናመልክት» ይላል። እትዬ ደግሞ «ተዉ፣ በሽምግልና ይለቅ» ይላሉ። የተቃጠለ አምፖልም ይሁን፣ ምድር ቤት ያለው ሱቅ የሚያስነሳው ጄኔሬተር፣ ከላይ የሚወረወር ፌስታልም ይሁን፣ ሦስቱ መልሶች አይለወጡም። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ብቻ ያነበብኩትን የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ፣ የኤክስተርናሊቲን (የአንዱ ሥራ ለሌላው የሚተርፍበትን) ምዕራፍ አውጥቼ እንደገና ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ሦስቱም ልክ ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ግን ለአንድ ዓይነት ችግር ብቻ። ቀጥሎ ያለው እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ መወሰን ላለበት ሰው ነው፤ የብሎክ ኮሚቴ ይሁን፣ የእድር ዳኛ ይሁን፣ ፖሊሲ የሚጽፍ ባለሙያ ይሁን። ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሕመሙን መለየት

መኪና ያለው ሁሉ «ሦስተኛ ወገን» የሚለውን ቃል ያውቃል። በሕግ ተገድዶ የሚገዛው መድን፣ በጉዞው ውስጥ ያልነበረ፣ ሂሳብ ያልከፈለና ያልተቀበለ፣ ነገር ግን መንገድ ሲያቋርጥ ለተገጨ ሰው የሚከፈል ነው። ኤክስተርናሊቲም ይኸው ነው። ሁለት ሰዎች ይገበያያሉ፤ ጉዳቱ ወይም ጥቅሙ በውሉ ላይ ስሙ በሌለ በሦስተኛ ሰው ላይ ያርፋል። ሻጩና ገዢው የተስማሙበት ዋጋ የእሱን ድርሻ አያካትትም፤ ስለዚህ ጎጂው ነገር ከሚገባው በላይ ይመረታል፣ ጠቃሚው ደግሞ ከሚገባው በታች። ክትባት የወሰደ ልጅ ጎረቤቱንም ይጠብቃል፣ ጎረቤት ግን ለክትባቱ አይከፍልም።

የጋራ አገልግሎት ግን ሌላ ሕመም ነው። ኢኮኖሚስቱ ፖል ሳሙኤልሰን በ1954 በሒሳብ ያስቀመጠውን ነገር በሁለት ጥያቄ ማጣራት ይቻላል። አንተ ብትጠቀም ለእኔ ይቀንስብኛል? ባትከፍል ላስቀርህ እችላለሁ? የደረጃው አምፖል ለሁለቱም ጥያቄ «አይ» ነው፤ እንግዲያው ንጹሕ የጋራ አገልግሎት ነው። እንጀራ ለሁለቱም «አዎ» ነው፣ የግል ዕቃ። የዲሽ ቻናል አይቀንስም፣ ካርዱን ያልሞላ ግን ይዘጋበታል። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ደግሞ ይቀንሳል፣ ለየቤቱ ቆጣሪ ከሌለው ግን ማንንም ማስቀረት አይቻልም። ይህ የመጨረሻው የወል ሀብት የሚባለው ሲሆን ከአራቱ ሁሉ ጠብ የሚበዛበት እሱ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንላለን። አርባ ዘጠኙ ሎሚ ይዘው ሲሄዱ ሃምሳኛው ባዶ እጁን ቢሄድ ማን ያየዋል የሚለውን ተረቱ አልነገረንም። በእኛ ብሎክ አምስት ሆነው ነበር ባዶ እጃቸውን የሚሄዱት፤ ሁሉም ደግሞ ደህና ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ያተረፍኩት ትልቁ ነገር፣ መልሱ ተፈጥሮ የደነገገው እንዳልሆነ ማወቄ ነው። ታንከሩ ለየቤቱ የውሃ ቆጣሪ ሲገባለት የወል ሀብትነቱ ቀረ፤ ስለ ውሃ የምንሰበሰበውም አብሮ ቀረ። ስለዚህ ከመሣሪያ ምርጫ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ እዚህ ላይ ምን ይቆጠራል፣ ማንስ ይቆጥረዋል? ከታች የማወዳድራቸው አማራጮች በሙሉ የሚቆሙትም የሚወድቁትም በዚህ ነው።

ድርድር፦ ሁለት ሰው ሲሆኑ

በ1870ዎቹ ለንደን ውስጥ አንድ ሐኪም በግቢው ጫፍ የምርመራ ክፍል ይሠራል። ከግድግዳው ማዶ የጣፋጭ ሠሪ ማድ ቤት አለ፤ ሙቀጫው ከሃያ ዓመት በላይ ሲወቀጥበት የኖረ ነው። ሐኪሙ የልብ ምት ማዳመጥ አቃተው፣ ከሰሰም፤ ፍርድ ቤቱ ለሐኪሙ ፈረደ። ኢኮኖሚስቱ ሮናልድ ኮዝ በ1960 ይህን መዝገብ አንሥቶ ማንም ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠየቀ። ፍርዱ የተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

በብር እናስበው። ጩኸቱ ሐኪሙን በቀን 900 ብር ያሳጣዋል እንበል፣ ድምፅ የሚያፍን ግድግዳ ደግሞ በቀን ሲሰላ 300 ብር ይፈጃል። መብቱ የሐኪሙ ከሆነ ጣፋጭ ሠሪው 900 ከመካስ 300 አውጥቶ ግድግዳውን ይሠራል። መብቱ የጣፋጭ ሠሪው ከሆነ ሐኪሙ 900 ከሚያጣ ራሱ 300 አውጥቶ ያሠራዋል። በሁለቱም መንገድ ግድግዳው ይቆማል፤ የሚለያየው የማን ኪስ እንደሚጎድል ነው። ኮዝ ሌላም ነገር አስተውሏል። ጉዳት ሁለት እጅ አለው፤ ሐኪሙ ክፍሉን እዚያ ባይሠራ ኖሮ ሙቀጫው ማንንም ባልጎዳ። ይህን ስብሰባ ላይ የተናገርኩ ዕለት የሱቁን ባለቤት ጥብቅና የቆምኩ መስዬ ነበር።

ድርድር የሚያምረው ተደራዳሪዎቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ መብቱ የማን እንደሆነ ሲታወቅና መነጋገሩ ራሱ ርካሽ ሲሆን ነው። በፈረንሳይ የቪቴል ማዕድን ውሃ ኩባንያ ከምንጩ ዙሪያ የሚያርሱ ገበሬዎች ማዳበሪያቸው ውሃውን እንዳይበክል የአስተራረስ ዘዴያቸውን እንዲለውጡ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከፍሏቸዋል። ተሳክቷል፣ ድርድሩ ግን ዓመታት ፈጅቷል፤ ያም ገበሬዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ደርዘኖች፣ ከፋዩም አንድ ሀብታም ኩባንያ ሆኖ ነው። የአቃቂ ወንዝን ብታስቡት በአንድ ወገን ፋብሪካው፣ ጋራዡና የመንደሩ ፍሳሽ አለ፤ በሌላው ወገን በውሃው አትክልት የሚያጠጣው፣ ከብት የሚያጠጣው፣ አትክልቱን ከገበያ ገዝቶ የሚበላው የከተማ ሰው አለ። ይህን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ አይቻልም። ኮዝም ቢሆን መነጋገር በነፃ ነው አላለም፤ ነጥቡ በነፃ አለመሆኑ ነበር።

እትዬ በሽምግልናው ልክ የነበሩት በጄኔሬተሩ ጉዳይ ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ኮሚቴ፣ የሚታይ ጭስ። የሱቁ ባለቤት ጄኔሬተሩን ወደ ጓሮ ሊያዞር ተስማማ፤ የጭስ ማውጫ ቱቦውን ግማሽ ዋጋ እኛ ቻልን። «እሱ እያጨሰብን እኛ እንከፍላለን?» ብለው የተቆጡ ነበሩ። ኮዝ በገባኝ መጠን አስረዳሁ፤ ማንም አልወደደልኝም፣ ጭሱ ግን ጠፋ።

ክፍያ ወይስ ክልከላ፦ የፌስታል ነገር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የሁለቱን ልዩነት እንደ ፌስታል የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ኢኮኖሚስቱ አርተር ፒጉ በ1920 ያቀረበው ሐሳብ አጭር ነው፤ ጉዳቱን በገንዘብ ተምነህ በዋጋው ላይ ጨምረው። ፌስታል ሱቅ ላይ በነፃ ሲሰጥ ኖሯል፤ በክረምት ቱቦ ሲደፍን፣ ከብት ሲውጠው የሚደርሰውን ግን ሌላ ሰው ይከፍላል። ያን ጉዳት የሚያህል ታክስ ከተጣለ፣ የማያስፈልገው ይተወዋል፣ የግድ የሚያስፈልገው ከፍሎ ይወስዳል። ከክልከላ የሚበልጥበት ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ ማን የግድ እንደሚያስፈልገው መንግሥት ማወቅ አይጠበቅበትም።

አየርላንድ በመጋቢት 2002 ሞከረችው። ለእያንዳንዱ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም፣ ደንበኛው ራሱ ከካሸሯ ፊት የሚከፍለው። አንድ ሰው በዓመት 328 ገደማ ይጠቀም የነበረው ወደ 21 ወረደ። ከ90 ከመቶ በላይ ቅናሽ ማለት ነው፤ ለ15 ሳንቲም። ከዚያ ቀስ በቀስ ሰዉ ዋጋውን ለመደውና ቁጥሩ መልሶ ማንሰራራት ጀመረ፤ በ2007 ወደ 22 ሳንቲም ከፍ አደረጉት። ታክስ ተጥሎ የሚረሳ ነገር አይደለም። በተለይ ብር በየዓመቱ አቅሙ በሚቀንስበት አገር፣ በቁጥር የተጻፈ ቅጣትና ክፍያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀልድ ይሆናል።

ኬንያ በነሐሴ 2017 ሌላውን መንገድ ያዘች። ማምረትም፣ መሸጥም፣ መያዝም ክልክል፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሺልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት። ሩዋንዳ በ2008 ቀድማ ከልክላ ነበር። የሁለቱም ጥንካሬ አንድ ነው፤ የተከለከለ ነገር በእጅ ሲያዝ ይታያል። ፖሊሱ የሚቆጥረው የለም፣ አለ ወይም የለም ነው። ድክመታቸውም አንድ ነው፤ ጎረቤት አገር ካልከለከለ በድንበር ይገባል።

የእኛን እንይ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል ላይ ገደብ አደረገ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ወፍራም ፌስታል ዋጋው ከፍ ስለሚል በነፃ አይበተንም፣ ተደጋግሞም ያገለግላል። ግን መርካቶ ውስጥ ፌስታል በጣቶቹ አሻሽቶ 0.03 ነው ወይም 0.02 ነው የሚል ደንብ አስከባሪ ከየት ይመጣል? አየርላንድ የመረጠችው ካሸር ፊት የሚቆጠረውን ነው፣ ኬንያ በዓይን የሚታየውን፤ እኛ የመረጥነው የማይቆጠረውንም የማይታየውንም ነበር። ፌስታሉ እስከ ጉልት ድረስ እንደልቡ ሲሄድ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ከሚሊሜትር ወደ ዓይን መሸጋገራችን ነው፤ በዚህ በኩል ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል።

ለምን የአየርላንዱን አልመረጥንም የሚል ሰው አይጠፋም። የአየርላንዱ ክፍያ የሚሠራው ደረሰኝ የሚቆርጥ ካሸር ባለበት ነው። ቲማቲም በመደብ የምትሸጥ ሴት ለእያንዳንዱ ፌስታል ታክስ ሰብስባ ለገቢዎች ታስገባ ማለት ከሚሊሜትሩ የከፋ ነው። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፣ እኔ ብጠየቅ ቅድሚያ የምሰጠው እሱን ነው። ቆጣሪውን ከቧንቧው መጨረሻ አንስቶ ወደ ምንጩ መውሰድ። የፌስታል ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው የሚገባው፣ በኪሎ ተመዝኖ፣ በጉምሩክ በኩል። ሺህ ጉልት ከመቆጣጠር ጥቂት መጋዘን መቆጣጠር ይቀላል። እንከኑም መነገር አለበት፤ ከተመሳሳይ ጥሬ ዕቃ ጀሪካንም የውሃ ቱቦም ይሠራል፣ ጉምሩክ ላይ የተጣለ ታክስ ሁሉንም ይነካል። ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ የፌስታል ፋብሪካው በር ነው፤ እሱም ፋብሪካው ተመዝግቦ በብርሃን የሚሠራ ከሆነ።

ቆጣሪ በተሳሳተ ቦታ ሲተከል ምን እንደሚሆን ለማየት የመኪናውን ኤክሳይዝ ታክስ ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ጭስና መጨናነቅ ግን መኪናው ወደብ ሲደርስ የሚፈጠሩ ነገሮች አይደሉም፤ በተነዳ ቁጥር የሚፈጠሩ ናቸው። የወደቡ ታክስ የሚቀጣው መግዛትን ነው፤ ቀድሞ የገባውን አሮጌ መኪና አይነካውም፣ እንዲያውም ተፎካካሪ ስለሚያስቀርለት ዋጋውን ያስወድደዋል፣ ባለቤቱም ጠጋግኖ ዕድሜውን ያረዝመዋል። ቴክኖሎጂው የለንም የሚል ካለ፣ ሲንጋፖር በ1975 መሃል ከተማ በሥራ መግቢያ ሰዓት ለሚገባ መኪና በቀን 3 የሲንጋፖር ዶላር ስታስከፍል ኤሌክትሮኒክስ አልነበራትም። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ወረቀትና መግቢያው ላይ ቆሞ ወረቀቱን የሚያይ ሰው ነበራት። ስቶክሆልም በ2006 በካሜራ ለሰባት ወር ሞክራ የመኪናው ቁጥር ወደ 20 ከመቶ ቀነሰ። ሙከራው ሳይጀመር አብዛኛው ሕዝብ ይቃወም ነበር፤ ከሙከራው በኋላ በድምፅ አጸደቀው። ለሕዝብ የማይወደድ ክፍያ ለማስጀመር ያሰበ ሰው፣ «እንሞክረውና ራሳችሁ ፍረዱ» የሚለውን አካሄድ ከስዊድኖች ቢቀዳ አይጎዳም።

ክልከላ ያለ ብዙ ማሰብ የሚመረጥበት ጊዜም አለ፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እንኳ ከጥቅሟ ጉዳቷ ሲበልጥ። እርሳስ (ሊድ) የተቀላቀለበት ቤንዚን ታክስ አያስፈልገውም ነበር፣ ከገበያ መውጣት ነበረበት። መርዝ ላይ ዋጋ አይለጠፍም።

ኮታ

የብክለቱን ጠቅላላ መጠን ወስኖ የመበከያ ፈቃዱን ለገበያ መልቀቅም አለ። አሜሪካ የ1990ን ሕግ ተከትላ ከ1995 ጀምሮ የኃይል ማመንጫዎችን የሰልፈር ጭስ በዚህ ቀነሰች፤ አውሮፓ በ2005 ለካርቦን ጀመረች፣ መጀመሪያ ላይ ፈቃዱን አብዝታ በትና በ2007 ዋጋው ወደ ዜሮ ተጠጋ። በታክስና በኮታ መካከል ለሚያመነታ ኢኮኖሚስቱ ማርቲን ዋይትዝማን በ1974 የሰጠው መልስ እስካሁን የሚጠቅም ነው። ጉዳቱ አንድ ገደብ ካለፈ በድንገት የሚንር ከሆነ መጠኑን ወስን፣ ማለትም ኮታ። ጉዳቱ ቀስ እያለ የሚጨምር ሆኖ የመቀነሻ ወጪው ግን ሊንር የሚችል ከሆነ ዋጋውን ወስን፣ ማለትም ታክስ። ለብሎክና ለእድር ይህ አማራጭ ቅንጦት ነው። ሐሳቡን አቅርቤው ነበር፤ ጋሼ «ቆሻሻ የመጣል ፈቃድ ልንሸጥ ነው?» ብለው ዘጉት።

ቅጣት ወደ ዋጋ ሲለወጥ

በሃይፋ፣ እስራኤል፣ 10 መዋዕለ ሕፃናት ላይ የተደረገና በ2000 የታተመ ጥናት አለ። ከአስሩ በስድስቱ፣ ልጅ ለመውሰድ የሚያረፍዱ ወላጆች 10 ሸቅል እንዲቀጡ ተደረገ። ማርፈድ ቀነሰ? የሚያረፍዱት በእጥፍ ገደማ ጨመሩ። ቀድሞ ወላጁን የሚያስሮጠው መምህሯን የማስጠበቅ ይሉኝታ ነበር፤ ቅጣቱ ሲመጣ ማርፈድ ዋጋ ያለው አገልግሎት ሆነ፣ ከፍሎ ማርፈድ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው፣ ቅጣቱ ሲነሳ ይሉኝታው አልተመለሰም።

በእኛም ስብሰባ ለቀረ ሰው 50 ብር ቅጣት ባወጣን ማግስት የተሰበሰበው ሰው ቁጥር ወረደ። አንዱ ጎረቤቴ ብሩን ደረጃ ላይ ሰጥቶኝ «ይኸው፣ ነፃ ነኝ» አለኝ። የእድር ቅጣት ለምን ይሠራል ታዲያ? እኔ እንደማየው ቅጣቱ ብቻውን አይመጣም፤ ስም ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ተደጋግሞ ከቀረ መሰረዝ አለ፣ ከእድር የተሰረዘ ሰው ደግሞ የራሱን ለቅሶ ያስባል። ብሩ ይሉኝታውን አልተካውም፣ አብሮት ነው የሚሄደው። ትንሽ ቅጣት ያለ ስም ከማውጣት ቅጣት አለማውጣት ይሻላል።

የመንደር ደንብ፦ ጓሳ

የሥነ ምህዳር ሊቁ ጋሬት ሃርዲን በ1968 የወል ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም፣ ወይ ለግለሰብ ስጠው ወይ መንግሥት ይያዘው ብሎ ጻፈ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ አጥማጆችንና የመስኖ ገበሬዎችን ስታጠና ኖራ «ሦስተኛም አለ» አለች፤ በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መንዝ ግን ይህን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል።

ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው የጓሳ አምባ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓሳ ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል። ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ነባር የጥበቃ ሥርዓት አምባው ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፣ ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። ኦስትሮም ከብዙ አገር ያሰባሰበቻቸው መመዘኛዎች በአንድ አምባ ላይ ተሟልተዋል፦ ወሰኑ የታወቀ ነው፣ ባለመብቱ የታወቀ ነው፣ ደንቡን ያወጣውም የሚጠብቀውም ተጠቃሚው ራሱ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ እዚያ የሚታዩት ለእነሱ ተብሎ አይደለም፤ ሣሩ ስለተጠበቀ ነው።

ስለ ጓሳ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። መብቱ የነበረው ከአካባቢው የቀደሙ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ ለተወለዱ ብቻ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ሲፈርስ፣ ደስ ያላቸውም ነበሩ፤ ትውልዳቸው ከዚያ ያልሆነ ጎረቤቶች። አምባው ተጎዳ፣ በኋላም ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ሰፋ ያለ አባልነት አበጅቶ ጥበቃውን መለሰው። እንግዲህ ይህን አማራጭ የሚመርጥ ሰው ዋጋውን አውቆ ይምረጥ። የመንደር ደንብ የሚጠነክረው በሩን በመዝጋት ነው፤ በር ሲዘጋ ደግሞ ውጭ የሚቀር አለ።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ሰዎቹ ሲተዋወቁ፣ ነገም አብረው ሲኖሩና ጥፋቱ ሲታይ ነው። ተከራይ በየስድስት ወሩ በሚለዋወጥበት ኮንዶሚኒየም ከጓሳ የሚቀዳው ግማሹ ብቻ ነው።

የግድ መዋጮ

ማስቀረት ሳይቻል፣ ሰዉም ብዙ ሆኖ ሳይተዋወቅ ሲቀር፣ የሚቀረው በግብር ከፍሎ ለሁሉም ማቅረብ ነው። ይህ ሰፊ ጉዳይ ነው፣ እኔ አንድ ነጥብ ብቻ እጨምራለሁ፤ የጋራ አገልግሎት ሁሉ አደማመሩ አንድ ዓይነት አይደለም። የጥበቃ ደመወዝ የመዋጮ ድምር ነው፣ አንዱ ቢቀር ሌላው ይሸፍናል። በሽታን ከምድር ማጥፋት ግን የሚለካው በደካማው ነው፤ ማታ 23 ሰው በሩን ቆልፎ ገብቶ አንዱ ክፍት ቢተወው በሩ ክፍት ነው።

ፈንጣጣን ያጠፋው ይህ ስሌት ነው። አሜሪካ ለሕዝቧ የምትሰጠውን መደበኛ ክትባት በ1972 አቁማለች፤ ኢትዮጵያ ግን ዘመቻውን የጀመረችው በ1971 ነበር፣ የመጨረሻዋን ታማሚ ያየችውም በነሐሴ 1976 በኦጋዴን ነው። ዓለም የመጨረሻውን የተፈጥሮ ፈንጣጣ በጥቅምት 1977 በሶማሊያ አየች፣ በ1980 መጥፋቱ ታወጀ። ሀብታም አገሮች በረሃ ለበረሃ ለሚዞሩ ክትባት ሰጪዎች ገንዘብ ማዋጣታቸው ከደግነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ኦጋዴን ውስጥ አንድ ሰው ታሞ እስካለ ድረስ የማንም በር አልተቆለፈም። እንዲህ ባለ ጉዳይ «ሁሉም እኩል ያዋጣ» የሚለው የእኛ ተወዳጅ ደንብ አይሠራም፤ የደካማውን ድርሻ ጠንካራው ቢከፍልለት ራሱ ያተርፋል።

እኔ ብሆን በምን ቅደም ተከተል እጠይቅ ነበር

መጀመሪያ፣ ቆጣሪ ገብቶለት የግል ሊሆን ይችላል? ከቻለና ቆጣሪው ከጠቡ ከረከሰ እዚያው ጨርሱት። ካልሆነ፣ ተጎጂና ጎጂ በጣት ይቆጠራሉ? አደራድሩ፤ ገንዘብ ከተጎጂው ወደ ጎጂው ቢሄድም አትደንግጡ። ብዙ ከሆኑና ጥፋቱ በአንድ በር የሚያልፍ ከሆነ እዚያ በር ላይ ክፍያ ትከሉ። የሚታይ ግን የማይቆጠር ከሆነ ክልከላ። ከውጭ ለሚመጣ ተቆጣጣሪ የማይታይም የማይቆጠርም ሆኖ ሰዎቹ ግን የሚተዋወቁ ከሆነ የመንደር ደንብ፤ እነሱ ከውጭ ሰው በተሻለ ያያሉ። በመጨረሻ፣ የጋራ አገልግሎቱን ማስቀረት ከሚቻል ነገር ጋር ማሰር ይቻል እንደሆነ ሳትሞክሩ ወደ ግዴታ መዋጮ አትሂዱ።

ይህን የመጨረሻውን እኛ ሞክረናል። የጥበቃ መዋጮ ያልከፈለን ሰው ከጥበቃ ማስቀረት አይቻልም፤ ሌባው ቤት ለቤት ደረሰኝ አያይም። ኮሚናሉን ግን መቆለፍ ይቻላል። መዋጮ ያልከፈለ ኮሚናሉን ለድግስ አያገኝም አልን። እትዬ ተነሡ፤ «ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ደረሰኝ ሊጠየቅ ነው?» ለቅሶ ከደንቡ ወጣ፣ ሠርግና ልደት ቀረ። ከአምስቱ አራቱ በሁለት ወር ውስጥ ከፈሉ፤ ከአራቱ አንዱ ልጁን ሊድር ቀን ቆርጦ ነበር።

ከላይ የሚወረወረው ፌስታል ግን እስካሁን አልተፈታም። የሚወረወረው ሌሊት ነው፣ ከየትኛው ፎቅ እንደሆነ አይታወቅም፣ ለድርድር የሚጠራ ሰው የለም፣ ቅጣቱ የሚጻፍበት ስም የለም። ጋሼ ካሜራ ይገጠም አሉ። ሁሉም ተስማማ፣ አንድም ሰው አልተቃወመም። የካሜራው መዋጮ ከተጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ከ24 ቤት 11 ከፍሏል።